የነርቭ መድኃኒት ሙከራ፦ ማን ይግባ? በምን ውል?

የሕክምና ሙከራ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ «እኛ የቤተ ሙከራ አይጥ አይደለንም» የሚል ነው። መልሱ ከባዶ ፍርሃት የመነጨ አይደለም፤ የሚያስፈሩ እውነተኛ ታሪኮች አሉ፣ ወደ እነሱም እንደርሳለን። ሆኖም ከንግግሩ ሥር አንድ ያልተመረመረ ግምት አለ። ሙከራ ውስጥ የገባ ሕመምተኛ ባልተረጋገጠ ነገር ይፈተናል፣ ያልገባው ግን የተረጋገጠ ሕክምና ያገኛል የሚል ግምት ነው። አንጎልንና ነርቭን በሚያጠቁ በሽታዎች ረገድ ይህ ግምት በተደጋጋሚ ውድቅ ሆኗል። ለጭንቅላት ጉዳት፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለፓርኪንሰን ሲሰጡ ከኖሩት ሕክምናዎች መካከል በቅጡ ሳይፈተኑ የተለመዱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም በተፈተኑ ጊዜ ገዳይ ሆነው ተገኙ። ባልተፈተነ መድኃኒት መታከምም እኮ ሙከራ ነው፤ መዝገብ የማይያዝለት፣ ማነጻጸሪያ የሌለው፣ ስለ ውጤቱ ማንም የማይጠየቅበት ሙከራ። ሕመምተኛው «ልሞከር ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ «በምን ውል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጭንቅላት ጉዳት እንጀምር፤ የመኪና አደጋ የዕለት ዜና በሆነበት አገር የሩቅ ጉዳይ አይደለምና። ጭንቅላቱ ክፉኛ የተመታ ሰው አንጎሉ እንዳያብጥ በሚል ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ለሠላሳ ዓመታት ያህል በዓለም ዙሪያ ሲሰጡ ኖረዋል። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ መድኃኒቶቹ እብጠት ይቀንሳሉ፣ የአንጎል እብጠት ደግሞ ይገድላል። ክራሽ የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ ግን ጉዳተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ መድኃኒትነት የሌለው ነገር፣ እንዲያገኙ አደረገ። 20,000 ሰዎችን ለማሳተፍ ታስቦ የነበረው ይህ ሙከራ በ2004 ተሳታፊዎቹ 10,008 ሲደርሱ ተቋረጠ። ስቴሮይድ ካገኙት ከመቶ 21 ያህሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተዋል፤ ካላገኙት የሞቱት ከመቶ 18 ያህል ነበሩ። ከመቶ ሰው የሦስት ሰው ልዩነት መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት አንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ቢያክም በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው ቢሞት የሚደነቅ የለምና። በሠላሳ ዓመት፣ በየአገሩና በየሆስፒታሉ ሲባዛ ስንት ሕይወት እንደሚሆን አንባቢ ያስላው። እነዚያ ሟቾች የማንም የሙከራ አይጥ አልነበሩም። ፈቃድ የጠየቃቸው የለም፣ ስማቸው በየትኛውም ጥናት አልሰፈረም፤ የሞቱት «በተለመደው ሕክምና» ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚከብደው ምሳሌ የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከኪሊፊ ነው። ወባ አንጎላቸውን አጥቅቶ ራሳቸውን የሳቱ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ በአንጎላቸው ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ገና ሆስፒታል እንደ ገቡ ፌኖባርቢታል፣ ማለትም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ርካሽና የቆየ መድኃኒት፣ በመርፌ መስጠት ይረዳ እንደሆነ በ340 ሕፃናት ላይ ተፈተነ። በ2000 የታተመው ውጤት ሁለት ገጽ ነበረው። የሚያንቀጠቅጣቸው ሕፃናት ቁጥር ከመቶ 27 ወደ 11 ወረደ፤ የሚሞቱት ግን ከመቶ 8 ወደ 18 ከፍ አሉ። መንቀጥቀጡን ብቻ እያየ የሚያክም ሐኪም «መድኃኒቱ ሠርቷል» ብሎ በደስታ ይቀጥል ነበር። እዚህ ላይ ተቃዋሚው በትክክል ይነሣል፦ «እነዚያ ሕፃናትስ? ወላጆቻቸው አምነው ሰጥተው ልጃቸውን ቀበሩ።» ለዚህ የሚያጽናና መልስ የለም፤ እንዳለ የሚያስመስል ሰው ቢኖር አላምነውም። ማለት የሚቻለው ይህ ብቻ ነው። ሙከራው ሲጀመር መድኃኒቱ እንደሚጎዳ የሚያውቅ አልነበረም፣ ብዙዎች ይጠቅማል ብለው ያምኑ ነበር፣ በዚያ መጠን መስጠቱ ሳይፈተን ልማድ ሆኖ ቢስፋፋ ደግሞ ሞቱ በየወባው ወቅት ሳይታወቅ ይቀጥል ነበር። ሙከራን ፍትሐዊ የሚያደርገው አንደኛው ሁኔታ ይኸው ነው፦ የትኛው ወገን እንደሚሻል በእውነት ያልታወቀ መሆን አለበት። መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ ግን አንዱን ወገን ሆን ብሎ ከሚሻለው ሕክምና ማራቅ ነው፤ ያ ጥናት አይባልም።

የአንጎልና የነርቭ በሽታዎች ከሌሎቹ ይልቅ በዕጣ የሚካሄድ ሙከራ የሚያስፈልጋቸው በራሳቸው ጠባይ ነው። አንጎል እንደ ቆዳ አይታይም፣ እንደ ጉበትም ቁራጭ ለምርመራ በቀላሉ አይወሰድለትም። በሽታዎቹ አዝጋሚና ተለዋዋጭ ናቸው፤ ፓርኪንሰን ዛሬ ይብሳል፣ ነገ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ተስፋ ራሱ አንጎል ውስጥ ኬሚካል ያመነጫል። በ2001 የካናዳ ተመራማሪዎች ፕላሴቦ የወሰዱ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን አንጎል በመሣሪያ ሲመለከቱ፣ በበሽታው ምክንያት የሚጎድለው ዶፓሚን በእርግጥ ሲለቀቅ አዩ። መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ ማመኑ ብቻ የበሽታውን ምልክት ለጊዜው ያቀለዋል ማለት ነው። እንግዲህ «እኔ ወስጄው ተሽሎኛል» የሚለው ምስክርነት ሐሰት ባይሆንም ስለ መድኃኒቱ የሚነግረን ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጉዳዩን እስከ ጥግ ወሰደው። 40 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ለቀዶ ሕክምና ተመዘገቡ፤ ለግማሾቹ ከጽንስ የተወሰደ የአንጎል ሕዋስ ተተከለላቸው፣ የቀሩት ራስ ቅላቸው ተበስቶ ምንም ሳይገባበት ተዘጋ። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ሰው ራስ ቅል ላይ በከንቱ ቀዳዳ መክፈት ጭካኔ ይመስላልና። ውጤቱ ግን ቁጣውን ያበርደዋል። ንቅለ ተከላው ለጥቂት ወጣት ሕመምተኞች መጠነኛ ጥቅም ሲሰጥ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑት ያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ ቆየት ብሎም ሕዋሱ ከተተከለላቸው ከመቶ 15 ያህሉ ሊቆጣጠሩት የማይችሉት የሰውነት መወራጨት ያዛቸው። ማነጻጸሪያው ቡድን ባይኖር ኖሮ ቀዶ ሕክምናው እንደ ታላቅ ግኝት በየአገሩ በተሠራጨ ነበር። ሕዋስ ተክለን እናድናችኋለን እያሉ በዶላር የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች ዛሬም ገበያ የሚያገኙት ይህን ፈተና ስለሚዘሉት ነው፤ ማስታወቂያቸውን በስልክ የምናይ ሁሉ ይህን ብናውቅ መልካም ነው።

ተስፋ የሚያደርሰው ሌላም ጉዳት አለ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፖል አፔልባም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንዳሳየው፣ ብዙ ተሳታፊዎች ሙከራ ውስጥ የገቡት የግል ሕክምና የሚያገኙ መስሏቸው ነው። ቅጹ ላይ «በዕጣ» ተብሎ ተጽፎ ፈርመው እንኳ ሐኪሙ ለእነሱ የሚበጀውን መርጦ እንደሚሰጣቸው ያምናሉ። ይህ እምነት የሚበረታው መድኃኒት በሌለው በሽታ ላይ ነው። ኤ ኤል ኤስ የተባለው፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ነርቮችን እየገደለ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጣው በሽታ ጥሩ ማሳያ ነው። 137 ሰዎች በተሳተፉበት አንድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ሬሊቭሪዮ የተባለ መድኃኒት በ2022 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው በብርቱ ተሟግተውለት ነበር፣ ማን ይፈርድባቸዋል? የዓመት ዋጋውም 158,000 ዶላር ያህል ነበር። በመጋቢት 2024 ግን 664 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ ከፕላሴቦ የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳየ፤ አምራቹም በቀጣዩ ወር መድኃኒቱን ከገበያ አነሣ። በተቃራኒው ደግሞ ኑሲነርሰን አለ። የሕፃናትን ጡንቻ ለሚያመነምነውና ብዙዎቹን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ለሚገድለው የአከርካሪ ነርቭ በሽታ የተሠራው ይህ መድኃኒት በተፈተነበት ሙከራ፣ መድኃኒቱን ካገኙት ሕፃናት ከመቶ 51 ያህሉ እንደ መገልበጥና መቀመጥ ያለ የእድገት ደረጃ ሲደርሱ፣ ካላገኙት የደረሰ አንድም አልነበረም። ሙከራው አጋማሽ ላይ ተቋርጦ ሁሉም መድኃኒቱን እንዲያገኙ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2016 ተፈቀደ። ሁለቱንም ነገር፣ የማይረባውን የማይረባ፣ የሚያድነውንም የሚያድን መሆኑን፣ ያሳወቁን ለሐኪም ዓይን ሳይሆን ለዕጣ የተስማሙ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር ኩባንያ ትሮቫን የተባለ አዲስ አንቲባዮቲክ በ200 ሕፃናት ላይ ፈተነ፤ ግማሾቹ ትሮቫን፣ ግማሾቹ የታወቀ ሌላ መድኃኒት አገኙ። 11 ሕፃናት ሞቱ፣ አምስቱ ከትሮቫን፣ ስድስቱ ከሌላው ወገን። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን መድኃኒቱ ከሌላው የከፋ አልነበረም፤ ኩባንያውም የተከራከረው በዚሁ ነው። ወላጆቹ ያነሡት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም፣ በዚያው ግቢ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የታወቀውን መድኃኒት በነፃ ይሰጡ እንደነበር አልተነገረንም አሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዷል ተብሎ የቀረበው ደብዳቤም በኋላ የተጻፈ መሆኑ ታወቀ። ነገሩ በ2009 ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተዘጋ። ጉዳቱ ግን በገንዘብ የሚዘጋ አልነበረም። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን ስታቆም ለአለመተማመኑ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ትሮቫን ነበር፤ ከናይጄሪያ የተነሣው ቫይረስም አገር ለአገር ተሻግሮ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገባ። በካኖ ሆስፒታል የተዘለለ አንድ ፈቃድ ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ አገር ሕፃን እግር ድረስ ሊመጣ የሚችለው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ «አፍሪካ ውስጥ ሙከራ ይቅር» የሚል መደምደሚያ የሚያወጡ አሉ። ማጅራት ገትር ራሱ ይመልስላቸዋል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ወረርሽኙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በኤ ዓይነቱ ባክቴሪያ ነበር፤ ለሀብታም አገሮች ስለማያሰጋ ትልልቆቹ አምራቾች ዞር ብለው አላዩትም። በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ተቋም ለዚህ ብቻ የሚሆን ክትባት ለማሠራት ሲነሡ፣ የአፍሪካ ባለሥልጣናት መጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ ዋጋ ነበር፤ ከ50 ሳንቲም ዶላር ካለፈ መንግሥቶቻችን አይችሉም አሉ። ክትባቱ በሕንድ ተመረተ፤ በማሊ፣ በጋምቢያ፣ በሴኔጋል፣ በጋናና በሕንድ ተፈተነ፤ በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ፤ ከ2013 ጀምሮ ኢትዮጵያ ደረሰ። በተከተበበት ሁሉ የኤ ወረርሽኝ ጠፋ ማለት ይቻላል። በሽታው ያው ማጅራት ገትር፣ አህጉሩ ያው አፍሪካ፣ የሚፈተኑትም ያው ሕፃናት ናቸው። የካኖውን ከዚህ የለየው ጥያቄው የማን እንደነበረና በውሉ ላይ መቼ ንግግር እንደተደረገ ነው። እዚያ ኩባንያው ለገበያው የሚያስፈልገውን መልስ ፈለገ፤ እዚህ የበሽታው ባለቤቶች የሚያስፈልጋቸውን መልስ፣ ሊከፍሉት በሚችሉት ዋጋ፣ አስቀድመው ጠየቁ።

«ታዲያ ሌሎች ይፈተኑበት፣ እኛ ውጤቱን እንጠቀማለን» የሚል ብልሃት መሰል ሐሳብም አለ። ይህ የሚያዋጣው የሁሉም ሰው አካል መድኃኒትን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያስተናግድ ቢሆን ነበር። ካርባማዜፒን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለብዙ ሰው ደኅና ነው፤ በእስያ ብዙ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ አንድ ዘረ መል ላለበት ግን ቆዳን እንደ ቃጠሎ የሚልጥ ገዳይ ምላሽ ሊያመጣ ይችላል። ይህ የታወቀው በ2004 በታይዋን ነው፤ እዚያው ታይዋን ውስጥ 4,877 ሰዎች መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ተመርምረው፣ ዘረ መሉ የተገኘባቸው ሌላ መድኃኒት እንዲያገኙ ሲደረግ ያ ጉዳት በአንድም ሰው ላይ አልደረሰም። የአውሮፓውያን ጥናት ይህን ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ወደ እኛ ስንመለስ፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ያሳተሙት ጥናት አለ። ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል በተጠኑት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከመቶ 29 ያህሉ ላይ ከአንድ በላይ ተባዝቶ ተገኘ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሀንቲንግተን በሽታ መወራጨት የሚሰጠው ቴትራቤናዚን፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ኮዴይን ሁሉም በዚህ ኢንዛይም በኩል ያልፋሉ። አንዳንዱ ሳይሠራ ተሰባብሮ ያልቃል፤ ኮዴይን ደግሞ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። በ2002 የወጣ ተከታይ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ ተመሳሳይ ዘረ መል ያላቸው ኢትዮጵያውያን በኢትዮጵያ ሲኖሩ ኢንዛይሙ በስዊድን ከሚኖሩት ባነሰ ፍጥነት ሠራ። አካባቢውም ድርሻ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ቢሳተፍ እንኳ ጎንደር ላለው ሙሉ መልስ አይሆንም።

የዘር መለያው ቅጽም ሌላ ችግር አለበት። በአሜሪካ የሚካሄድ ሙከራ ኢትዮጵያዊውን ከናይጄሪያዊውና ከአፍሪካ አሜሪካዊው ጋር በአንድ ሣጥን «ጥቁር» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ያም ሣጥን ራሱ ባዶ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። የአልዛይመርን ግስጋሴ በ18 ወር ውስጥ ከመቶ 27 ያህል ቀነሰ የተባለው ሌካኔማብ በ1,795 ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ ጥቁር ተሳታፊዎች ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር። ለዚህ በሽታ ትልቁ የዘረ መል ስጋት ተብሎ የሚታወቀው ኤፖኢ4 በናይጄሪያ ኢባዳን በተጠኑ የዮሩባ አረጋውያን ዘንድ ያን ያህል ስጋት ሆኖ አለመገኘቱ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በጽሑፍ ያለ ነገር ነው። በ2023ም የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድልን የሚጨምር፣ በአውሮፓውያን ላይ ያልታየ የዘረ መል ልዩነት ተገኝቷል። መድኃኒቱ ለእኛ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ነርቭ ነክ በሽታ የሀብታም አገር ጣጣ ነው የሚልም አይጠፋም። ፕሮፌሰር ሬድኣ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አጥንተው በ1990 እንዳሳተሙት፣ ከሺህ ሰው አምስቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ዝናብ ሲጠፋ ጓያ እየበላ እግሩ የሚተሳሰረውን ገበሬ በደንቢያና በፎገራ የማያውቀው የለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጓያ እግሩን የያዘው ሰው ስለሌለ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እዚያ አይፈተንም። ቶልፔሪዞን የተባለው መድኃኒት የእነዚህን ሰዎች የእግር ግትርነት ያላላ እንደሆነ በዕጣና በፕላሴቦ የፈተነው ጥናት በ1997 የታተመው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ነው። ሥጋ ደዌም በመሠረቱ የነርቭ በሽታ ነው፤ ጣት የሚቆርጠው ባክቴሪያው ሳይሆን የደነዘዘው ነርቭ ነው። ነርቭን በድንገት ለሚያቃጥለው የበሽታው የሰውነት ቁጣ ከተለመደው መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በ73 ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2016 ወጥቷል። እነዚህ ትንንሽ ሙከራዎች ናቸው፣ ዓለምን አልለወጡም። ጥያቄያቸው ግን ከዚህ አገር ሕመምተኛ የተነሣ ነበር፤ በኒውዮርክ ስንት ሰው ያውቃቸዋል ከሚለው ይልቅ ይህን እመለከታለሁ።

ፈቃድ በሚባለው ነገር ላይ የነርቭ በሽታ ልዩ ፈተና ያመጣል፤ የታመመው አካል የሚወስነው አካል ነውና። አልዛይመር የያዛቸው እናት ዛሬ ተረድተው ቢፈርሙ ከዓመት በኋላ የፈረሙትን አያስታውሱም። በስትሮክ የወደቀ ሰው መናገር አይችልም። መንቀጥቀጡ አልቆም ያለው ሕመምተኛ ደግሞ ሊጠየቅም አይችልም፤ ሦስት መድኃኒቶችን አነጻጽሮ እያንዳንዱ ከተሰጣቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን እንደሚረዳ በ2019 ያሳየው የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ያስገባው ያለ ቅድመ ፈቃድ፣ ማኅበረሰቡን አስቀድሞ በማማከርና ኋላ ቤተሰብን በማስፈቀድ ነበር። እኛ ዘንድ ውሳኔው የቤተሰብ ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ ልጅ፣ አንዳንዴም የነፍስ አባት ይመከራሉ። ይህ በራሱ እንቅፋት አይደለም፤ ለሰከነ ውሳኔ እንዲያውም ይረዳል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ሐኪም ፊት «እምቢ» ማለት እንደ ድፍረት ስለሚታይ ሰው በይሉኝታ ይፈርማል፤ ሐኪሙም ዝምታን ፈቃድ አድርጎ ይመዘግባል። በጥበብ የተሠራ ፈቃድ ምን እንደሚመስል ለማየት ኮሎምቢያ፣ አንቲዮኪያ መሄድ ይበጃል። በዚያ ተራራማ አገር በአርባዎቹ ዕድሜ የሚጀምር አልዛይመር የሚያመጣ ዘረ መል የሚወራረስበት ሰፊ የዘመድ ሐረግ አለ፤ ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት። በ2013 በ252 የቤተሰቡ አባላት ላይ የመድኃኒት ሙከራ ሲጀመር ዘረ መሉ እንዳለባቸው ማወቅ የማይፈልጉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ዘረ መሉ የሌለባቸውም እንዲገቡ ተደርጎ ለእነሱ ፕላሴቦ ብቻ ተሰጣቸው፤ ሙከራው ውስጥ መሆን ዘረ መሉ ያለበትን ከሌለበት አይለይም ማለት ነው። በ2022 መድኃኒቱ እንዳልሠራ ታወቀ። ቤተሰቡ ግን ከጥናቱ አልሸሸም።

ከሁሉም የሚዘነጋው ግን ከሙከራው በኋላ ያለው ነው። ጂዲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን በቀጥታ ወደ አንጎላቸው ለማስገባት ራስ ቅላቸው ላይ ቧንቧ የተተከለላቸው የብሪስቶል የፓርኪንሰን ሕመምተኞች፣ በ2019 ውጤቱ ከፕላሴቦ የተለየ አይደለም ተብሎ ሲታተም አንዳንዶቹ ተሽሎናል እያሉ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ በአሜሪካ ተመሳሳይ ሙከራ በ2004 ሲቋረጥ ተሳታፊዎች መድኃኒቱ እንዲቀጥልላቸው ኩባንያውን ከሰው ተረቱ፤ በጽሑፍ የተገባላቸው ቃል ስላልነበረ። የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊዎች የጠቀማቸውን መድኃኒት ከሙከራው በኋላ እንዴት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ዝግጅት ይደረግ ይላል። መግለጫ ግን ውል አይደለም። ሌካኔማብ ለገበያ ሲወጣ የተተመነለት የዓመት ዋጋ 26,500 ዶላር ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የማይሸጥበት አገር ሕዝብ ላይ መፈተን ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ፍትሐዊ ነው አልልም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ስለ መድኃኒቱ ዋጋ አስቀድመን ቃል ካስገባን ጥናት የሚመጣልን የለም ብለው ይሰጋሉ። የማጅራት ገትሩ ክትባት ስጋታቸው የተጋነነ መሆኑን አሳይቷል፤ ደግሞም ውል ከጠየቅነው የሚሸሽ ጥናት ቢሸሽ የምናጣው ብዙ አይደለም።

ሁሉም ሕመምተኛ ይግባ እያልኩ አይደለም። ሙከራ ጊዜ ይበላል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ይፈጃል፣ አስታማሚውን ከሥራ ያስቀራል፣ አንዳንዴ ይጎዳል፤ በ2002 የተቋረጠው የመጀመሪያው የአልዛይመር ክትባት ከተከተቡት ከመቶ 6 ያህሉን አንጎላቸውን አስቆጥቶ ነበር። እምቢ ማለት መብት ነው፤ ጀምሮ ማቋረጥም እንደዚሁ፤ በዚህ ምክንያት የተለመደው ሕክምናው የሚቀነስበት ሰው ሊኖር አይገባም። ሊገባ ያሰበ ግን ብዕር ከማንሣቱ በፊት አጥኚውን ያስቀምጠውና ይጠይቀው፤ ብቻውን ከሆነ ቤተሰቡን ይዞ። ይህ ጥናት የሚመልሰው የማንን ጥያቄ ነው? ካልገባሁ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማን ነው፣ ስልኩስ? ጥናቱ በሕዝብ መዝገብ ላይ ሰፍሯል? ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው፣ ለስንት ጊዜ? መድኃኒቱ ቢጠቅመኝ ሙከራው ባለቀ ማግሥት ከየት አገኘዋለሁ? አሜሪካም ሆነ እስራኤል ያለ ወገን ደግሞ ቅጹ በሚረዳው ቋንቋ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይገባዋል፤ የልጅ አስተርጓሚነት አይበቃም። መልሶቹ በጽሑፍ ካልተሰጡ አይፈርም። በጽሑፍ ከተሰጡና ካሳመኑት ግን ይግባ፤ የቅጹንም ግልባጭ ቤቱ ያስቀምጥ።